ልጄ መድኃኒቱን አልውጥልኝ አለ፦ በአንድ ግስ ውስጥ ሁለት «እኔ»

ዮናስ ጀግና ነኝ ይላል።

ጀግናው ማን ነው? አማርኛ ተናጋሪ ሳያመነታ «ዮናስ ነዋ!» ይላል። ግን ግሱን ተመልከቱት። «ነኝ» የአንደኛ መደብ ነው፤ የሚናገረውን ሰው ነው የሚያመለክተው። አሁን የምናገረው ደግሞ እኔ ነኝ። ዮናስ እዚህ የለም። ታዲያ ከእኔ አፍ የወጣው «ነኝ» እኔን ዘልሎ ዮናስ ላይ እንዴት አረፈ?

ይህ የጉዳይ ጥናት ስለዚህች ዐረፍተ ነገር ነው። በቋንቋ ጥናት ዓለም የታወቀች ናት። በጽሑፎቹ ላይ ባለቤቱ ጆን ነው፤ «ጆን ጀግና ነኝ ይላል»። እኔ ዮናስ ብዬዋለሁ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ «እኔ» ትርጉም የሚጽፉ ሰዎች ደጋግመው ያነሷታል። የገዛ ቋንቋችን ዋና ምስክር ሆኖ የቀረበበት ክርክር ስለሆነ አማርኛ አንባቢም ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ያለው ደግሞ መጽሐፍ ውስጥ ሳይሆን በየቤታችን ነው፤ ልጇን መድኃኒት ልታስውጥ የምትታገል እናት በየቀኑ ትናገረዋለች።

ክርክሩ ከየት መጣ

ዴቪድ ካፕላን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ ያስተማረ ፈላስፋ ነው። በ1977 የተጻፈ አንድ ጽሑፉ ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ1989 ታተመ። ጽሑፉ «እኔ»፣ «አንተ»፣ «እዚህ»፣ «አሁን» ስለመሳሰሉ ቃላት ነው። እነዚህ ቃላት ማንን ወይም ምንን እንደሚያመለክቱ የሚታወቀው ከንግግሩ ሁኔታ ነው። «እኔ» የሚናገረው ሰው ነው። «አሁን» የሚናገርበት ሰዓት ነው። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም።

ካፕላን ግን ከዚህ አለፈ። «እኔ» የትም ቢገባ፣ በየትኛውም ግስ ሥር ቢቀበር፣ ሁልጊዜ የሚያመለክተው አሁን የሚናገረውን ሰው ብቻ ነው አለ። ይህን ሊያስለውጥ የሚችል ሰዋስዋዊ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ጭራቅ ይሆን ነበር አለ። ቃሉ የራሱ ነው። እንዲህ ያለ ጭራቅ በእንግሊዝኛ የለም፣ ልጨምር ቢሉም አይቻልም አለ። አንድ ነገር ብቻ ለየ፤ ጥቅስን። የሰውን ቃል እንዳለ ስንጠቅስ «እኔ» የባለቃሉ ይሆናል። ያ ግን የሌላ ሰው ቃል ማሳየት እንጂ ቃሉን መጠቀም አይደለም።

በእንግሊዝኛ ካየነው የካፕላን ሐሳብ ልክ ይመስላል። «ጆን ጀግና ነኝ ይላል» የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ አዙሩት። የጥቅስ ምልክት ካልጨመራችሁ በስተቀር ጀግናው ጆን መሆኑ ይቀርና ተናጋሪው ይሆናል።

በ1999 ፊሊፕ ሽሌንከር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። በ2003 ደግሞ ሐሳቡን ይበልጥ አጥርቶ በአንድ መጽሔት ላይ አወጣው። ጽሑፉ ለጭራቆቹ ጥብቅና የቆመ ነው፤ ርዕሱም ይህንኑ ይላል። ካፕላን የሉም ያላቸው ጭራቆች አሉ፣ «አለ» እና «አሰበ» የሚሉት ግሶች ራሳቸው ጭራቅ ናቸው ነው ነገሩ። ከምስክሮቹ ዋናው አማርኛ ነበር።

«ይሄ እኮ ጥቅስ ነው»

ለዚህ የሚሰጠው መልስ ለማንም ቶሎ ይመጣል። «ዮናስ ጀግና ነኝ ይላል» ማለት ዮናስ «ጀግና ነኝ» ይላል ማለት ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። አማርኛ የሰውን ቃል እንዳለ መጥቀስ ይወዳል፣ የጥቅስ ምልክቱን ጸሐፊው ስለተወው ነው እንጂ ነገሩ ጥቅስ ነው። እንዲህ ከሆነ ካፕላን አልተነካም።

መልሱ ከባድ ነው። በዮናስ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሊፈርስም አይችልም። ጥቅስ ሊሆን የማይችል ነገር ያስፈልጋል።

አንዱ መንገድ ጥያቄ ነው። እናት ልጇን ወደ ጎረቤት ልካዋለች። መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው ይጠይቀዋል፦

ማንን ጥራ አለችህ?

ጥያቄውን ፈቱት። «ጥራ» ትእዛዝ ነው። ያዘዘችው እናት ናት። «ማንን» የሚለው ጥያቄ ግን የእናት አይደለም። የትኛዋም እናት ልጇን «ማንን ጥራ!» ብላ አትልክም። የጠያቂው ነው። ስለዚህ «ማንን ጥራ» የሚሉት ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ቢቀመጡም አንዱ የእናት፣ አንዱ የጠያቂው ነው። ጥቅስ ከሆነ ግን ውስጡ ያለው በሙሉ የተጠቃሹ መሆን ነበረበት። የውጭ ሰው እጁን ሰዶ አንድ ቃል ሊተካ አይችልም። «የት ሂድ አሉህ?»፣ «ስንት ክፈል አሉሽ?» ሁሉም እንዲሁ ናቸው።

ቮልፍ ሌስላው በ1995 ባሳተመው ትልቅ የአማርኛ ሰዋስው ውስጥ የዚህ ዘመድ የሆነ ዐረፍተ ነገር አለ። ሽሌንከርም ተጠቅሞበታል፦ «ምን አምጣ እንዳለኝ አልሰማሁም።» ይህ ከጥያቄም ያልፋል፤ «ምን አምጣ» በ«እንዳለኝ» ሥር፣ «እንዳለኝ» ደግሞ በ«አልሰማሁም» ሥር ገብቷል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ሳይደናቀፍ ይናገረዋል።

የእናቲቱ ዐረፍተ ነገር

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ልጁ አፉን ገጥሞ ፊቱን ያዞራል። እናቱ ስልክ ለደወለችላት እህቷ እንዲህ ትላለች፦

ልጄ መድኃኒቱን አልውጥልኝ አለ።

«አልውጥልኝ» የሚለውን ቃል ቀስ ብለን እንፍታው። ለእሱ ቢሆን «አይውጥ»፣ ለአንተ ቢሆን «አትውጥ»፣ ለእኛ ቢሆን «አንውጥ» ነው። «አልውጥ» የእኔ ብቻ ነው። የማይውጠው ማን ነው? ልጁ። ስለዚህ በቃሉ ፊት ያለው «እኔ» ልጁ ነው፤ ልክ እንደ ዮናስ «ነኝ»።

መጨረሻው ላይ ደግሞ «‑ልኝ» አለ። ይህም አንደኛ መደብ ነው፤ «ለእኔ» ነው። እዚህ «እኔ» ማን ነው? እናቲቱ። መድኃኒቱን አልውጥላት ያለው ለእሷ ነው።

አንድ ግስ ነው። ሁለት «እኔ» አለበት። የፊቱ ልጁ፣ የኋላው እናቱ።

ይህ ጥቅስ ሊሆን ይችላል? ልጁ አፍ ቢኖረው ለእናቱ የሚለው «አልውጥልሽም» ነው። በዓለም ላይ «አልውጥልኝ» ብሎ የሚናገር ልጅ የለም። ቃሉ ከማንም አፍ ወጥቶ የተጠቀሰ አይደለም። ግማሹ ከልጁ ቦታ፣ ግማሹ ከእናቱ ቦታ ሆኖ የተሠራ ነው።

ሌላም አለ። «አልውጥም» ስንል መጨረሻ ላይ «‑ም» አለች። ራሱን ችሎ የሚቆም አሉታ ያለ እሷ አይቆምም፤ በግጥም ካልሆነ በቀር። በጥገኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን ትወድቃለች፤ «ካልዋጠ»፣ «የማይውጥ»፣ «እንዳይውጥ» እንላለን። አሁን እነዚህን ሁለቱን አስተያዩ፦

ልጁ አልውጥም አለ።
ልጁ አልውጥ አለ።

የመጀመሪያው ልጁ ምን እንደተናገረ ይነግረናል። ሁለተኛው ስለ ንግግር አይደለም፤ እምቢ አለ ነው። አንድ ቃል ላይተነፍስ ይችላል። «‑ም» ስለወደቀች «አልውጥ» በ«አለ» ሥር የገባ ጥገኛ መሆኑ በግልጽ ይታያል።

እንዲያውም ባለቤቱ ሰው መሆን የለበትም። መኪናው አልነሳ አለ። ቁልፉ አልዞር አለ። በሩ አልከፈት አለኝ። መናገር ያልጀመረ ሕፃን ጡት አልይዝ አለ። ሌሊቱን ስንገላበጥ ካደርን ደግሞ «እንቅልፍ አልወስደኝ አለ» እንላለን። ይህንንም ፍቱት፤ «አልወስድ» ያለው እንቅልፍ ነው፣ «‑ኝ» ያልተኛሁት እኔ ነኝ። መኪናና ቁልፍ አይናገሩም፤ የሚጠቀስ ቃል የላቸውም። ሰዋስዉ ግን የ«እኔን» ቦታ ይሰጣቸዋል።

ባለቤቱ ሁለተኛ መደብ ሲሆንም ያው ነው። ጠዋት የማይነሳን ሰው «ምነው አልነሳ አልክ?» እንለዋለን። የማይነሳው አንተ ነህ፤ ግሱ ግን «አልነሳ» ነው። ብዙ ከሆኑም የውስጡ ግስ አብሮ ይበዛል፤ «ልጆቹ አንውጥ አሉኝ»።

አሉታ ላይ ብቻም አይቆምም። ሰማዩ ሲጠቁር «ዝናቡ ልዝነብ ልዝነብ ይላል» እንላለን። ያዘመመ ግድግዳ ልውደቅ ልውደቅ ይላል። ሐዘን ቤት ተቀምጠን ሳቅ ልምጣ ልምጣ ይለናል።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ

እዚህ ላይ የአማርኛን ባሕርይ የሚያውቅ ሰው ሊያስቆመኝ ይችላል። «አለ» በአማርኛ ስንት ቦታ ይገባል! ዝም አለ፣ ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ቀስ አለ፣ እምቢ አለ። በእነዚህ ውስጥ ማንም ምንም አይናገርም። «አልውጥ አለ» እንደ «እምቢ አለ» የደረቀ ጥምር ግስ ቢሆንስ? ያኔ «አልውጥ» ውስጥ ያለው «እኔ» የተረሳ ቅሪት ይሆናል፤ ምንም አያስረዳም።

ተቃውሞው መልስ ይገባዋል። የደረቀ ቃል አይለዋወጥም። «ዝም» ለአንድ ሰውም ለብዙም «ዝም» ነው። «አልውጥ» ግን ይበዛል፤ «አንውጥ አሉ» ይላል። የደረቀ ቃል ተሳቢ አይዝም። «አልውጥ» ግን «መድኃኒቱን» ይይዛል፣ «‑ልኝ» ይጨምራል፣ «ዛሬ ምሳውን ሳይበላ» የሚል ሐረግም ይሸከማል። ከማንኛውም ግስም ይሠራል፤ ትናንት ከእንግሊዝኛ የገባውም ቢሆን። ስልኩ «ቻርጅ አላደርግ አለ» እንላለን። ይህ በራሱ የቆመ ሙሉ ሐረግ ነው።

ግን ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ ይህን መካድ አልፈልግም። «አልውጥ አለ» የእምቢታ አነጋገር ነው፣ «ጀግና ነኝ ይላል» ደግሞ የወሬ አነጋገር ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በእምቢታው የተረጋገጠው ሁሉ ወሬው ላይ በቀጥታ አይሠራም። ስለዚህ ለእኔ ጉዳዩ የሚዘጋው በሁለቱ ማስረጃዎች ጥምረት ነው። «ማንን ጥራ አለችህ» የወሬው አነጋገር ለውጭ ሰው ክፍት መሆኑን ያሳያል። «አልውጥልኝ አለ» የአማርኛ ሰዋስው «እኔን» ከተናጋሪው ነጥሎ ለሌላ መስጠት እንደሚችል ያሳያል። ሁለቱን ይዞ «ሁሉም ጥቅስ ነው» ማለት አይቻልም።

ማሰብና ማወቅ

እስካሁን ስለ «አለ» ነው። «አሰበ»፣ «አመነ»፣ «ፈራ» ሲሆኑስ?

«ዮናስ ጀግና ነኝ ያስባል» አይባልም። መሀል ላይ አንድ ቃል ይጎድላል፦

ዮናስ ጀግና ነኝ ብሎ ያስባል።

«ብሎ» የ«አለ» ልጅ ነው። ሁለቱም የግዕዙ «ብህለ» ዘሮች ናቸው፤ «በል» እና «ብሎ» ላይ «በ» ቀርታለች፣ «አለ» ላይ ወድቃለች። አማርኛ የሰውን ሐሳብ ሲያወራ መጀመሪያ ሰውየውን በልቡ ያናግረዋል፣ ከዚያ ያሳስበዋል። በግሱ ላይ ያለው ባለቤትም «ብሎ» ላይ ይታያል፤ ሳራ አልፋለሁ ብላ ታምናለች፣ እኔ ይሳካል ብዬ አስባለሁ።

«እኔን» ከተናጋሪው ወደ ባለቃሉ የሚያዞረው የትኛው ነው? «ብሎ» ነው ወይስ «ያምናል»? ይህን ለማወቅ «ብሎን» አውጥቶ «እንደ»ን ማስገባት ይበቃል፦

ዮናስ ጀግና ነኝ ብሎ ያምናል።
ዮናስ ጀግና እንደሆንኩ ያምናል።

በመጀመሪያው ጀግናው ዮናስ ነው። በሁለተኛው እኔ ነኝ። የማመኑ ግስ አልተቀየረም። የተቀየረው ድልድዩ ነው። በ«እንደ» ሥር የካፕላን ሕግ ልክ ይሠራል፤ «እኔ» ተናጋሪው ነው፣ ንቅንቅ የለም። በ«ብሎ» ሥር ግን ሕጉ ይፈርሳል። ፍርሃትም እንዲሁ ነው። «እወድቃለሁ ብሎ ፈራ» ስንል የሚወድቀው ፈሪው ነው። «እንዳልወድቅ ፈራ» ስንል ግን የምወድቀው እኔ ነኝ፣ እሱ የፈራው ለእኔ ነው። በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ግስ፣ ጎን ለጎን ሁለቱም ሕግ አለ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነጥብ ይህ ነው።

አንዳንዴ የማሰብ ግሱ ጭራሹን አይኖርም። «ይዘንባል ብሎ ጃንጥላ ያዘ።» ማሰቡን «ብሎ» ብቻውን ተሸክሞታል። «እጠቅማለሁ ብሎ ጎዳኝ» ስንልም ያው ነው።

«አወቀ» ጋ ስንደርስ በሩ ይዘጋል። «ጀግና እንደሆነ ያውቃል» ይባላል፤ «ጀግና መሆኑን ያውቃል» ይባላል። «ጀግና ነኝ ብሎ ያውቃል» ብንል ግን ትርጉሙ ይሸሻል፤ «እንዲህ ያለበት ጊዜ አለ» ማለት ይሆናል፣ «ሐረር ሄዶ ያውቃል» እንደምንለው። ማወቅ «ብሎ»ን አይቀበልም። «እኔ» በሚዞርባቸው በሌሎች ቋንቋዎችም ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ተገኝቷል፤ መጀመሪያ የመናገር ግሶች፣ ቀጥሎ የማሰብ፣ መጨረሻ የማወቅ። ማወቅ ላይ የሚያዞር ቋንቋ መናገርም ላይ ያዞራል፤ ግልባጩ ግን የግድ አይደለም።

«ይመስለዋል» ለብቻው ነው። «የማልፍ ይመስለዋል» ስንል የማልፈው እኔ ነኝ፤ መዞር የለም። አሳቢው የግሱ ባለቤት ሳይሆን ተሳቢው («‑ው») ስለሆነ «ብሎ» የሚጠጋው ባለቤት አያገኝም።

ኮፊ ሄድኩ አለ

አማርኛ ብቻውን አይደለም። የቅርብ ዘመዱ ትግርኛም «ጅግና እየ ኢሉ» ይላል፤ «እየ» የአንደኛ መደብ ነው፣ ጀግናው ግን ተናጋሪው አይደለም። ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የጋራ ባሕርያት ብሎ ካሰፈራቸው ውስጥ በ«አለ» የሚታሰር የሰው ቃልና በ«አለ» የሚሠራ ጥምር ግስ ይገኙበታል። ይህ የሴምም የኩሽም ቋንቋዎች አብረው የያዙት ነው።

ከሩቁ ደግሞ የኤዌ ቋንቋ አለ፤ በጋናና በቶጎ ይነገራል። ጆርጅ ክሌመንትስ በ1975 ያጠናው ነገር ለእኛ እጅግ ቅርብ ነው። ኤዌ ለዚህ ሥራ የተለየ ተውላጠ ስም አለው፦

ኮፊ ቤ ዬድዞ።
ኮፊ ቤ ኤድዞ።

«ቤ» እንደኛ «አለ» ነው። «ዬ» የሚሠራው በመናገርና በማሰብ ግስ ሥር ሲሆን ባለቃሉን ራሱን ያመለክታል። ስለዚህ በመጀመሪያው የሄደው ራሱ ኮፊ ነው። «ኤ» ተራው «እሱ» ነው፤ በሁለተኛው የሄደው ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ተውላጠ ስሞች የጋራ መጠሪያቸውን ያገኙት በ1974 ነው፤ ያወጣላቸው ክሎድ አዤዥ ሲሆን የተነሳውም በካሜሩንና በቻድ ከሚነገሩ እንደ ሙንዳንግ ካሉ ቋንቋዎች ነው።

አሁን በአማርኛ አስቀምጡት። «ኮፊ ሄድኩ አለ» ብንል የሄደው ኮፊ ነው። «ኮፊ ሄደ አለ» ብንል የሄደው ሌላ ነው። ኤዌ ልዩ ተውላጠ ስም ፈጥሮ የሚለየውን እኛ «እኔ»ንና «እሱ»ን በማፈራረቅ እንለየዋለን። በ«እንደ» ስንሄድ ግን ይህ ጥራት ይጠፋል፤ «ኮፊ እንደሄደ ተናገረ» ሲባል የሄደው ኮፊም ሌላም ሊሆን ይችላል።

የዛዛኪ ነገር ደግሞ አለ። ዛዛኪ በምሥራቅ ቱርክ የሚነገር ቋንቋ ነው። ፕራናቭ አናንድና አንድሪው ኔቪንስ በ2004 ባቀረቡት ጥናት በዛዛኪም «እኔ» በ«አለ» ሥር እንደሚዞር አሳዩ። አንድ ሕግም አወጡ፤ በአንድ ጥገኛ ሐረግ ውስጥ ያሉ እንዲህ ያሉ ቃላት ከዞሩ አብረው ይዞራሉ፣ ካልዞሩ አብረው ይቀራሉ። አንዱ ዞሮ አንዱ አይቀርም። ሕጉ ለዛዛኪ በደንብ ይሠራል። እናቲቱ ግን «አልውጥልኝ» ስትል የፊቱ «እኔ» ዞሯል፣ የኋላው አልዞረም፤ ያውም በአንድ ሐረግ ብቻ ሳይሆን በአንድ ቃል ውስጥ። ሌስላው የመዘገበው «ልጁ አልታዘዘኝ አለ» የሚለውም ተመሳሳይ ነው፤ አጥኚዎቹን ያስቸገራቸውም እሱ ነው። የእኔ ግምት የአማርኛው የሚዞር «እኔ» ከዛዛኪው ይልቅ ለኤዌው «ዬ» ይቀርባል የሚል ነው። የ«አለ»ን ባለቤት የሚከተለው የውስጡ ግስ ባለቤት ነው። ተሳቢው ግን ከተናጋሪው ጋር ሊቀር ይችላል።

በፍርድ ቤት ወንበር ላይ

ይህ ሁሉ ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በአሜሪካም በእስራኤልም በአውሮፓም በፍርድ ቤትና በስደተኛ ቃለ መጠይቅ ላይ አማርኛ የሚያስተረጉሙ ወገኖች አሉ። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ በምስክሩ ቦታ ሆኖ በአንደኛ መደብ እንዲናገር ይጠበቃል፤ ምስክሩ «አየሁ» ካለ እሱም «አየሁ» ይላል። ስለዚህ በቃሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት «እኔ» ይገጥመዋል። አንዱ እንዳለ የሚቀር የምስክሩ «እኔ» ነው። ሌላው የዞረው «እኔ» ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ወይ ግልጽ ጥቅስ መደረግ ወይ «እሱ» መሆን አለበት። ሁለቱም ባፍ ሲነገሩ አንድ ናቸው።

አንዲት ምስክር ስለ ደላላ ስትናገር እንዲህ አለች እንበል፦

ደላላው ፓስፖርቱን ወስጄዋለሁ አላቸው።
ደላላው ፓስፖርቱን እንደወሰድኩ ነገራቸው።

በሁለቱም ግሱ አንደኛ መደብ ነው። በመጀመሪያው ፓስፖርቱን የወሰደው ደላላው ነው፤ አምኗል። በሁለተኛው ደላላው የወነጀለው ምስክሯን ነው። እየቸኮለ የሚያስተረጉም ሰው ሁለቱን በአንድ መንገድ ካሻገራቸው በአንደኛው ምስክሯ ያልሠራችውን በገዛ አፏ ያመነች ትመስላለች። ልዩነቱ የሚገኘው ፊት ላይ ባለችው «እንደ» እና መጨረሻ ላይ ባለው «አላቸው» ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ አስተርጓሚው «አላቸው» ላይ ሳይደርስ አፉን ቢከፍት «ወስጄዋለሁ» የማን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ዐረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አለበት። ጥርጣሬ ከቀረውም ዳኛውን አስፈቅዶ ምስክሯን «ፓስፖርቱን የወሰደው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።